ዙፋኑ በአንድ ማለዳ፣ ሪፐብሊኩ በሰማንያ ሦስት ዓመት

ክቡራትና ክቡራን፤

ኦገስት 10 ቀን 1792፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ሚስቱን፣ እኅቱንና ሁለት ልጆቹን አስከትሎ ከቱይለሪ ቤተ መንግሥት ወጣ፤ አትክልቱንም በእግሩ አቋርጦ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ አመራ። አብሮት የነበረው የፓሪስ አውራጃ ሹም ሮደረር በተወው ማስታወሻ እንደምናነበው፣ ንጉሡ በመንገዱ ላይ የረገፉትን ቅጠሎች ተመልክቶ ዘንድሮ ቅጠሉ ቀደም ብሎ ረገፈ አለ። አዳራሹ ሲደርስ ችግር ተፈጠረ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ምክር ቤቱ ንጉሡ ባለበት መምከር ስለማይችል፣ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በመጨረሻ ከአፈ ጉባኤው ወንበር ጀርባ ባለችውና ቃለ ጉባኤ የሚይዙ ጸሐፊዎች ይቀመጡባት በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ገብቶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ውጭ መድፍ እየተተኮሰ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ይከበር ነበር። ሉዊ የገዛ ዘውዱ ዕጣ ሲወሰን ከዚያች ክፍል ሆኖ አደመጠ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ቀንና እርሱ ስላስከተለው ነገር ነው። የፈረንሳይ አብዮት ሲነሣ በአብዛኛው የምናወሳው 1789ንና የባስቲይን እስር ቤት መሰበር ነው፤ ዘውዱ ግን ባስቲይ በተሰበረ ጊዜ አልወደቀም፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆይቷል። ሲወድቅም የወደቀው በአንድ ማለዳ ነው። በእኔ አመለካከት የዚያ ማለዳ ዋነኛ ውርስ አንድ ጥያቄ ነው፦ ንጉሥ ከሌለ በሕዝብ ስም የሚናገረው ማን ነው? የተመረጠው ምክር ቤት ነው ወይስ ጦርና መድፍ ይዞ ምክር ቤቱን የሚከበው ሕዝብ? ፈረንሳይ ለዚህ ጥያቄ የረጋ መልስ እስክታገኝ ድረስ የሰው ዕድሜ የሚያህል ዘመን አልፏል፤ በመካከሉም ብዙ ደም ፈሷል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ሉዊን «ሄዱ፣ መጡ» ባለማለቴ ቅር የሚለው አድማጭ ካለ፣ አብዮተኞቹም በዚሁ ጉዳይ ተከራክረው እንደነበር ይወቅልኝ። ፈረንሳይኛም እንደ እኛው «አንተ» እና «እርስዎ» አለው፤ በ1793 መጸው ፓሪስ ውስጥ «እርስዎ» የባላባት ዘመን ርዝራዥ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ «አንተ» እንዲባባል ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ንጉሡ ራሱ ለፍርድ ሲቀርብ «ሉዊ ካፔ» ተብሎ ተጠራ፤ እርሱም ካፔ ከአያቶቼ የአንዱ ስም እንጂ የእኔ አይደለም ሲል ተቃውሟል።

የመውደቁ ነገር የሚጀምረው ከ1791 ነው። ሕገ መንግሥቱ ገና እየተረቀቀ ሳለ፣ ጁን 20 ሌሊት፣ ንጉሡ ከቤተሰቡ ጋር የሌላ ሰው የይለፍ ወረቀት ይዞ በሠረገላ ከፓሪስ አመለጠ፤ ሐሳቡ በምሥራቅ ድንበር አካባቢ ወደሰፈረ ታማኝ ጦር መድረስ ነበር። ሳንት ምኑ በምትባል ከተማ የፖስታ ፈረሶች ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ድሩዌ ማንነቱን ጠረጠረ፤ ፈረሱን ጋልቦም ቫሬን በምትባል ከተማ ቀደመውና አስያዘው። ብዙዎች የሚያስታውሱት ይህንን የማምለጥ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን ከሽሽቱ ይልቅ ዘውዱን የገደለው ሉዊ ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደው ጽሑፍ ነው ባይ ነኝ። በዚያ ጽሑፍ ከኦክቶበር 1789 ወዲህ የተቀበለውንና የማለበትን ሁሉ፣ ነፃነት ሳይኖረኝ የተቀበልሁት ነው ብሎ በገዛ እጁ ሻረ። የምክር ቤቱ አባላት ይህን አንብበዋል። አንብበው ግን ያለ ንጉሥ የሚቆም ሥርዓት አላዘጋጁም ነበርና «ንጉሡ ተጠልፎ ነው» የሚል ተረት ፈጠሩ። ተረቱን ያላመኑ የፓሪስ ሰዎች ጁላይ 17 በማርስ ሜዳ ተሰብስበው አቤቱታ ሲፈርሙ፣ ብሔራዊ ዘቡ ተኩሶባቸው ብዙ ሰው ሞተ። በሴፕቴምበር ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ ንጉሡም እንደገና ማለ። ቀድሞ የማለበትን በጽሑፍ የካደ ሰው እንደገና ሲምል፣ መሐላውን ማን ሊያምነው ይችላል?

ያ ሕገ መንግሥት ለንጉሡ ሕግን የማዘግየት ሥልጣን፣ ማለትም ቬቶ፣ ሰጥቶት ነበር። ሉዊ ይህን ሥልጣን የተጠቀመው ሕዝቡ እጅግ በሚፈራቸው ጉዳዮች ላይ ነው፤ በስደተኞቹ መኳንንት፣ ለአዲሱ ሥርዓት አንምልም ባሉ ካህናትና ፓሪስ አጠገብ ይሰፍራል በተባለው የ20,000 ሰው ጦር ጉዳይ። በመካከሉ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1792፣ ፈረንሳይ በኦስትሪያው ንጉሥ ላይ ጦርነት አወጀች። የሚያስገርመው ጦርነቱን ሁለቱም ወገኖች መፈለጋቸው ነው። የምክር ቤቱ አባል ብሪሶና ጓደኞቹ ጦርነቱ ንጉሡን ያጋልጥልናል አሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ቢሸነፍ ዘውዱን የሚያድን ይመጣል ብሎ ተስፋ አደረገ። ከታወቁት ሰዎች ጦርነቱን ጠንክሮ የተቃወመው ሮቤስፒየር ነበር፤ የታጠቀ ሰባኪን የሚወድ የለም ብሎ ያስጠነቀቀውም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። ይኸው ሰው በኋላ ብዙ ሺህ ሰው በሞት የተቀጣበትን የሽብር ዘመን ከመሩት አንዱ መሆኑን ስለምናውቅ ይህን ንግግሩን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

ጦርነቱ በሽንፈት ጀመረ። በጁላይ «አገር በአደጋ ላይ ናት» ተብሎ ታወጀ፤ ከየክፍለ አገሩም ፈቃደኛ ወታደሮች ወደ ፓሪስ ጎረፉ። ከማርሴይ የመጡት አምስት መቶ ያህል ሰዎች በመንገዳቸው የሚዘምሩት መዝሙር፣ ሩዤ ደ ሊል ስትራስቡርግ ላይ ለራይን ጦር የደረሰው ቢሆንም በእነርሱ ስም «ማርሴዬዝ» ተባለ። የጠላት ጦር አዛዥ የብሩንስዊክ መስፍን ደግሞ በንጉሡ ቤተሰብ ላይ ጉዳት ቢደርስ ፓሪስን አወድማታለሁ የሚል አዋጅ አወጣ። ንጉሡን ለማዳን የታሰበው አዋጅ የከተማው ሕዝብ ንጉሡን ከጠላት ጋር አንድ አድርጎ እንዲያይ አደረገ፤ ከፓሪስ 48 ቀበሌዎች መካከል 47ቱ ንጉሡ ከዙፋን ይውረድ ብለው ጠየቁ። ምክር ቤቱ መልስ ለመስጠት አመነታ።

ኦገስት 9 ሌሊት ደወል ተደወለ። ከየቀበሌው የተላኩ ሰዎች ማዘጋጃ ቤት ገብተው ነባሩን የከተማ አስተዳደር በአዲስ ኮሚዩን ተኩ፤ የቤተ መንግሥቱን መከላከያ ያደራጀውን የብሔራዊ ዘብ አዛዥ ማንዳን ጠርተው ያዙት፣ ከዚያም ተገደለ። ስለዚህ ጠዋት ቤተ መንግሥቱ አዛዥ አልነበረውም። ንጉሡ ጠባቂዎቹን ሊጎበኝ ሲወጣ ከፊሎቹ «ሕዝብ ለዘላለም ይኑር» ብለው ጮኹበት። ሮደረር ወደ ምክር ቤቱ ሄዶ እንዲጠለል ያሳሰበው በዚህ ጊዜ ነው። ንጉሡ ሄደ፤ ወደ 900 የሚጠጉት የስዊስ ቅጥር ዘቦች ግን ባዶውን ቤት ሲጠብቁ ቀሩ። ተኩስ ተከፈተ፤ ስዊሶቹ መጀመሪያ አጥቂዎቹን ወደ ኋላ መለሱ፤ በኋላ ግን ከንጉሡ ዘንድ መሣሪያችሁን አስቀምጡ፣ ወደ ሰፈራችሁም ተመለሱ የሚል አጭር ትእዛዝ ደረሳቸው። ወረቀቱ ዛሬም ፓሪስ በሚገኘው የካርናቫሌ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። ትእዛዙ ሕይወታቸውን አላተረፈም፤ ስድስት መቶ ያህሉ በውጊያው፣ በሽሽትና እጃቸውን ከሰጡም በኋላ ተገደሉ። ስዊስ ውስጥ በሉሰርን ከተማ ከአለት የተፈለፈለው የቆሰለ አንበሳ የእነርሱ መታሰቢያ ነው። ከአጥቂዎቹም በኩል ወደ 400 የሚጠጋ ሰው ሞቷል ወይም ቆስሏል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ቀን ምክር ቤቱ ንጉሡን ከሥልጣን «አገደው» እንጂ አላወረደውም። አዳራሹ ውስጥ ከ745ቱ አባላት የተገኙት ከሦስት መቶ ያነሱ ነበሩ፤ ሌሎቹ ፈርተው ቀርተዋል። የቀሩት ዘውዱን የመሻር ሥልጣን የለንም ብለው ጉዳዩን በወንዶች ሁሉ ድምፅ ለሚመረጥ ብሔራዊ ኮንቬንሽን አሳለፉት። እስከዚያ ግን አገሪቱ ሁለት መንግሥት ነበራት፤ ሕግ ያለው ምክር ቤትና ኃይል ያለው ኮሚዩን። ከሴፕቴምበር 2 ጀምሮ ለጥቂት ቀናት፣ የጠላት ጦር ቬርደንን ሊይዝ ነው የሚል ወሬ በተናፈሰበት ሰሞን፣ ሰዎች ወደ ፓሪስ እስር ቤቶች ገብተው ከአንድ ሺህ በላይ እስረኞችን ጨፈጨፉ፤ ብዙዎቹ በፖለቲካ ጉዳይ እንኳ ያልታሰሩ ተራ ወንጀለኞች ነበሩ። ያን ጊዜ ምክር ቤቱም ኮሚዩኑም እጃቸውን አጣጥፈው ተመለከቱ።

ሴፕቴምበር 20 ቀን በቫልሚ ኮረብታ የፈረንሳይ ጦር የኦስትሪያ አጋር የሆነችውን የፕሩሲያን ጦር አስቆመ። በዚያው ቀን ፓሪስ ላይ ሥራውን የሚጨርሰው ምክር ቤት፣ የጦር ሜዳውን ወሬ ሳይሰማ፣ ፍቺን የሚፈቅድና የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያዛውር ሕግ አወጣ። ጦርነቱና አብዮቱ ብዙ ይወሳሉ፤ የገጠሩን ሰው ኑሮ በየቤቱ የነካው ግን ይህ ሕግ ነበር።

በማግስቱ ሴፕቴምበር 21 ኮንቬንሽኑ ንጉሣዊ አገዛዝ በፈረንሳይ ቀርቷል ብሎ ወሰነ። ክርክሩ አጭር ነበር፤ ከአባላቱ አንዱ የሆነው ካህኑ አቤ ግሬጓር በተፈጥሮ ዓለም ጭራቅ ምን እንደሆነ በምግባር ዓለምም ንጉሥ ያው ነው አለ፤ ድምፁም በአንድ ቃል ተሰጠ። ነገር ግን «ሪፐብሊክ ተመሥርቷል» የሚል ዐዋጅ በዚያ ቀን አልወጣም። በማግስቱ፣ ሰነዶች ሁሉ ከእንግዲህ «የሪፐብሊኩ አንደኛ ዓመት» ተብለው ቀናቸው ይጻፍ ተባለ፤ ሪፐብሊኩ በቀን መጻፊያ በኩል ገባ ማለት ነው። ከዓመት በኋላ የመጣው አዲሱ ዘመን አቆጣጠር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም፤ አሥራ ሁለት ወራት እያንዳንዳቸው ሠላሳ ቀን፣ በመጨረሻም አምስት ወይም ስድስት ትርፍ ቀናት ነበሩት፣ የዓመቱም መባቻ ከዕንቁጣጣሻችን ብዙ አይርቅም። ለእኛ የአባቶች ወግ የሆነችው ጳጉሜን ለእነርሱ የአብዮት ፈጠራ ነበረች፤ ናፖሊዮን በ1806 መግቢያ ላይ አቆጣጠሩን አስቀረው።

ከዚህ በኋላ የንጉሡ ፍርድ መጣ፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። የ1791 ሕገ መንግሥት የንጉሡ አካል «የማይደፈርና ቅዱስ ነው» ይል ነበር፤ መሐላውን ቢያፈርስ ወይም ጦር ይዞ በሕዝቡ ላይ ቢነሣ እንኳ ቅጣቱ ዙፋኑን እንደለቀቀ መቆጠር ብቻ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ዜጋ ሊከሰስ የሚችለውም ከዚያ በኋላ በሚፈጽመው ጥፋት ነው። ታዲያ በምን ሕግ ይዳኝ? የ25 ዓመቱ ሳን ዡስት ኖቬምበር 13 ቀን ባደረገው የመጀመሪያ ንግግሩ ክርክሩን ከሥሩ ቆረጠው፤ ማንም ያለ በደል ሊነግሥ አይችልም፣ ይህ ሰው በጠላትነት ይወገድ እንጂ እንደ ዜጋ አይዳኝ አለ። ሮቤስፒየርም ንጉሡን መዳኘት ነፃ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው፣ እርሱ ነፃ ከወጣ ደግሞ የኦገስት 10 ሰዎች ወንጀለኞች ናቸው ሲል አከለ። በአመክንዮ ረገድ የሁለቱን ሐሳብ የሚረታ ማግኘት ይቸግራል፤ ግን ይህ አመክንዮ ፍርድ ቤትን ጨርሶ የማያስፈልግ የሚያደርግ ነው፤ በቀጣዩ ዓመትም ሳን ዡስት ራሱ በሌሎች ላይ ተጠቅሞበታል። ብዙኃኑ ግን ፍርዱ ይታይ አለ። በዚህ መካከል በቱይለሪ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ የብረት ሣጥን ተገኘ፤ በውስጡም ንጉሡ ከአብዮቱ ጠላቶች ጋር የተጻጻፋቸው ወረቀቶች ነበሩ።

ለንጉሡ ከቆሙት ጠበቆች አንዱ ማልዜርብ የ71 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ሳይጠሩት ራሱ ጠይቆ ነው የቀረበው፤ በ1794 እርሱም አንገት በሚቀላው መሣሪያ፣ በጊሎቲን፣ ተገደለ። ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ሲቀርብ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጉ አባላት ጥፋተኛ ነው አሉ፤ አይደለም ያለ አንድም አልነበረም። በቅጣቱ ላይ ግን እያንዳንዱ አባል ከጃንዋሪ 16 ምሽት እስከ ማግስቱ ምሽት ድረስ በስሙ እየተጠራ መድረክ ላይ ወጥቶ ድምፁን በአፉ ተናገረ። በአሜሪካ ነፃነት ጽሑፎቹ የታወቀው ቶማስ ፔይን ንጉሡ ወደ አሜሪካ ይሰደድ አለ። ፈላስፋው ኮንዶርሴ የሞት ቅጣትን በመርሕ ስለሚቃወም ከሞት መለስ ያለውን ከባዱን ቅጣት መረጠ። የንጉሡ ዘመድ የሆነው የኦርሌያን መስፍን፣ ስሙን «ፊሊፕ ኤጋሊቴ»፣ ማለትም «ፊሊፕ እኩልነት»፣ ብሎ የቀየረው፣ ሞት አለ፤ አዳራሹ አጉረመረመ።

ድምፅ ከሰጡት 721 መካከል ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ሞት ያሉት 361 ነበሩ፤ ይህም ልክ አብላጫ ለመሆን የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ስለዚህ «ንጉሡ በአንድ ድምፅ ሞተ» ሲባል እንሰማለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌሎች 26 ሰዎች ሞት ብለው የቅጣቱ መፈጸሚያ ጊዜ ይመከርበት ብለዋል፤ ቅጣቱ ይዘግይ የሚለው ሐሳብም በ380 ለ310 ወድቋል። ነገሩ አፋፍ ላይ ነበር፤ አንድ ድምፅ የሚለው ግን ታሪክን ለማሳመር ነው።

ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ሉዊ በተዘጋ ሠረገላ በአብዮት አደባባይ፣ ዛሬ ኮንኮርድ በሚባለው፣ ደረሰ። ከመድረኩ ሆኖ ከተከሰስሁበት ንጹሕ ነኝ ብሎ መናገር ሲጀምር የከበሮ ድምፅ ዋጠው። አደባባዩ ቀድሞ በአያቱ በሉዊ 15ኛ ስም ይጠራ የነበረ ሲሆን፣ የአያቱም ሐውልት ከጥቂት ወራት በፊት ከዚያው ተነቅሎ ነበር።

ከዚህ ወዲያ የሆነው ፈጥኖ ነው። ከብሪታንያና ከስፔን ጋር ጦርነት ተከፈተ፤ የ300,000 ሰው ክተት ሲጠራ ቫንዴ በተባለው ምዕራባዊ አገር ገበሬዎች «ለአምላክና ለንጉሥ» ብለው አመጹ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት የእርስ በርስ ጦርነትም ሆነ። ሰዎች ይህን ከሚያስታውሱት ባነሰ የሚታወሰው ጁን 2 ቀን 1793 ነው። በዚያ ቀን የፓሪስ ቀበሌዎች በሄንሪዮ አዛዥነት ኮንቬንሽኑን በመድፍ ከብበው የእነ ብሪሶ ወገን የሆኑት የጂሮንድ አባላት ተይዘው እንዲሰጡ አስገደዱ። ኦገስት 10 ንጉሡ ላይ የተሠራው ዘዴ ይኸው ነበር፤ አሁን በሕዝብ በተመረጠው ጉባኤ ላይ ዞረ። በሕግ ያለው አብላጫ በመድፍ ሊታረም እንደሚችል ሁሉም አዩ።

የሽብሩን ዘመን ዝርዝር ሁላችሁም ሰምታችኋልና አላበዛም። በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው የተገደሉት ወደ 17,000 ይጠጋሉ፤ ያለ ፍርድ የተገደሉትና በእስር የሞቱት ከዚህ ውጭ ናቸው። ጊሎቲን የመኳንንት ዕጣ ብቻ ነው ለሚል ግን፣ ከተፈረደባቸው መካከል መኳንንቱ ከአሥር አንድ እንደማይሞሉ ላስታውስ፤ ገበሬው፣ ባለእጁና ነጋዴው ነበር የበዛው። የንጉሡ ሚስት ማሪ አንቷኔት ኦክቶበር 16 ቀን 1793 ተገደለች፤ የአሥር ዓመቱ ልጇ በ1795 በእስር ሞተ። ኤጋሊቴም ቢሆን ሞት ብሎ መፍረዱ አላዳነውም፤ በዚያው በኖቬምበር 1793 ተገደለ።

በሌላ በኩል ጁላይ 17 ቀን 1793 የወጣው ሕግ ገበሬው ለባላባት ይከፍለው የነበረውን የቀረ ግብር ሁሉ ያለ ካሣ ሰረዘ። በ1789 «ተሽሯል» የተባለው በአብዛኛው በካሣ የሚገዛ ነበርና፣ የገበሬው እውነተኛ ነፃነት የመጣው ከንጉሡ ሞት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ነገሥታትም ይህን ሊመልሱ አልደፈሩም። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1794 ደግሞ ኮንቬንሽኑ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን ሻረ። ከአዳራሹ አባላት አንዱ በአፍሪካ ተወልዶ ባርያ የነበረው ዣን ባፕቲስት ቤሌ ነበር። ሻሩ ስንል ግን ነገሩ ከፓሪስ እንዳልመነጨ ልብ ይባል፤ በካሪብያን ባሕር ባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በሳን ዶሚንግ ባሮቹ ከ1791 ጀምረው ጦር አንሥተው ነበር። ናፖሊዮን በ1802 ባርነትን ሲመልስ ደሴቲቱ አልተመለሰችም፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ሃይቲ ተብላ ነፃነቷን አወጀች።

ጁላይ 27 ቀን 1794 ሮቤስፒየር ወደቀ፤ በማግስቱም በጊሎቲን ተገደለ። ታጣቂ የለመዳት የምክር ቤቱ በር ግን ከዚህ በኋላም አልተዘጋችም። በሜይ 1795 የተራበ ሕዝብ አዳራሹን ሰብሮ ገብቶ የአንድ አባል ጭንቅላት በጦር ተሰክቶ ለአፈ ጉባኤው ታየው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ንጉሣውያን ወገኖች በፊናቸው በጉባኤው ላይ ሲዘምቱ በመድፍ የመታቸው ወጣቱ ናፖሊዮን ቦናፓርት ነበር። ኖቬምበር 1799 ላይ ደግሞ ይኸው ቦናፓርት የራሱን ወታደሮች አስገብቶ «የአምስት መቶዎች ምክር ቤት» የሚባለውን ጉባኤ አባላት አስወጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ በሩ ላይ የሚቆመው ከቀበሌ ታጣቂ ወደ ደመወዝተኛ ወታደር ተለወጠ። በ1804 ፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ነበራት።

የቀረውን ባጭሩ ልቋጭ። የሉዊ ወንድም በ1814 ሉዊ 18ኛ ተብሎ ነገሠ፤ ሁለተኛው ወንድም ሻርል 10ኛ በ1830 አብዮት ተባረረ፤ በምትኩ የነገሠው ሉዊ ፊሊፕ የዚያ የኤጋሊቴ ልጅ ነበር፤ እርሱንም 1848 አነሣው። ቀጥሎ ሌላ ሪፐብሊክና ሌላ ቦናፓርት፣ ናፖሊዮን 3ኛ፣ መጡ፤ ይህም በ1870 በፕሩሲያ ጦር ፊት ወደቀ። በ1871 የተመረጠው ምክር ቤት በአብዛኛው ንጉሣዊ ነበር፤ ዙፋኑም ለሻርል 10ኛ የልጅ ልጅ ለሻምቦር መስፍን ክፍት ነበር። እርሱ ግን በ1873 የሦስት ቀለሙን ሰንደቅ አልቀበልም፣ የአያቶቼ ነጭ ሰንደቅ ካልሆነ በስተቀር ብሎ ዙፋኑን በሰንደቅ ዓላማ ምክንያት አጣ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1875 ዋሎን የተባለ አባል የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት እንዴት እንደሚመረጥ የሚገልጽ አንድ ማሻሻያ አቀረበ። በ353 ለ352 አለፈ። «ሪፐብሊክ ይሁን» የሚል ዐዋጅ አሁንም አልነበረም፤ ቃሉ በምርጫ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ሕግ ሆነ። ሻምቦር በ1883 ልጅ ሳይተካ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት በኦገስት 1884፣ ቱይለሪ ከተጠቃ ከዘጠና ሁለት ዓመት በኋላ፣ የመንግሥቱን ሪፐብሊካዊ ቅርጽ ለመለወጥ ሐሳብ ማቅረብ እንደማይቻልና በፈረንሳይ ከነገሡ ቤተሰቦች ማንም ፕሬዚዳንት ሊሆን እንደማይችል የሚደነግግ ሕግ ወጣ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።